ቡና ላይ «ከዚህም በተጨማሪ» የሚል ማን ነው?

አበው «ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል» ሲሉ ለአማርኛ ብቻ የተናገሩት አይመስለኝም። በማሠልጠኛችን የእንግሊዝኛ የንግግር ክፍለ ጊዜ የተገኘ ሰው አባባሉ ለእንግሊዝኛም እንደሚሠራ ወዲያው ይገባዋል። ሠልጣኙ የግሥ እርባታውን በቃሉ ይወርደዋል፤ የቃል ፍቺ ቢጠየቅ አያንስም፤ በጽሑፍ ፈተናም ጥሩ ነጥብ ያመጣል። ነገር ግን «ሁለት ሁለት ሆናችሁ ስለ ትናንቱ የኳስ ጨዋታ አውሩ» በተባለ ጊዜ አንዱ ዝም ይላል፤ ሌላው ደግሞ የሚያወራ ሳይሆን ለስብሰባ ሪፖርት የሚያቀርብ ይመስላል።

ይህ ለምን ይሆናል? ጥያቄው በመኝታ ቤታችን ሲነሣ አብዛኛው ጓደኛዬ «የቃላት እጥረት ነው» ይላል። በእኔ አስተያየት ግን ያጠረን ትልልቁ ቃል አይደለም፤ ትንንሹ ነው። ይኸውም አንዱን ሐሳብ ከሌላው ሐሳብ፣ አንዱን ተናጋሪም ከሌላው ተናጋሪ የሚያያይዘው፣ የቋንቋው ባለቤቶች በወሬያቸው መካከል ጣል የሚያደርጉት «ሶ»፣ «ዌል»፣ «ኤኒዌይ»፣ «ዞው» የሚባለው ወገን ነው። በዚህ ጽሑፍ ላስረዳ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። እነዚህን ቃላት ለመልመድ መነሻው የመዝገበ ቃላት ፍቺ ሳይሆን የገዛ ራሳችን አነጋገር ነው።

እርግጥ አያያዥ ቃላት ተምረናል። ሁለተኛ ደረጃን የጨረሰ ሰው ሁሉ የደብተሩን የመጨረሻ ገጽ ቢገልጥ ረጅሙን ዝርዝር ያገኘዋል፤ «ሞርኦቨር»፣ «ፈርዘርሞር»፣ «ኔቨርዘለስ»፣ «ኮንሲኩዌንትሊ»፣ «ኦን ዘ አዘር ሀንድ» እያለ ይወርዳል። ዝርዝሩን አልነቅፍም። ድርሰት ሲጻፍና ማመልከቻ ሲረቀቅ ያስፈልጋል። ችግሩ ይህንኑ የጽሑፍ ልብስ ለብሰን ወደ ጨዋታ መግባታችን ላይ ነው።

ነገሩን ለመረዳት ወደ እንግሊዝ አገር መሄድ አያሻም። ወደ እናቴ የቡና ረከቦት መሄድ ይበቃል። እናቴ ከጎረቤቶቿ ጋር ስትጨዋወት ጆሮ ብንሰጥ የምንሰማው ይህን የመሰለ ነው።

«ሰማሽ ወይ፣ የእነ እንትና ልጅ መጣ እኮ።»
«ታዲያ መቼ ሊመለስ ነው?»
«እንግዲህ እሱ ያውቃል። መቼም ሥራውን ትቶ አይቀርም።»
«ብቻ በደህና ገባ። ይልቅስ ቡናው እንዳይገነፍልብሽ!»

«እኮ»፣ «ታዲያ»፣ «እንግዲህ»፣ «መቼም»፣ «ብቻ»፣ «ይልቅስ»። በአራት አጫጭር ንግግር ውስጥ ስድስት አያያዥ ቃላት ገብተዋል። አንዳቸውም አልታሰበባቸውም፤ አንዳቸውም ያለ ሥራ አልተቀመጡም። አሁን ይህንኑ ወሬ በደብተራችን የመጨረሻ ገጽ ዘዴ እንናገረው። «የእነ እንትና ልጅ መጥቷል። ከዚህም በተጨማሪ ሥራ እንዳለው ይታወቃል። በአንጻሩ የመመለሻው ቀን አልተገለጸም። በመጨረሻም ቡናው እንዳይገነፍል ጥንቃቄ ይደረግ።» ጎረቤቶቿ ምን የሚሉ ይመስላችኋል? «ልጄ፣ አሞሻል እንዴ?» ይሏታል።

እንግዲህ ስለ ውኃ መቅዳት ወይም ስለ ምሳ እያወራ «ፈርዘርሞር» የሚል ሠልጣኝ ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ጆሮ የሚሰማው ልክ እንደዚሁ ነው። ሰዋስው አልተሳሳተም፤ ቦታው ነው የተሳሳተው።

ይህ የእኔ ግምት ብቻ አይደለም። አስተማሪያችን እንዳሳዩን፣ ዲቦራ ሺፍሪን የተባለች አሜሪካዊት የቋንቋ ምሁር በፊላደልፊያ ከተማ ሰዎች የተጨዋወቱትን ቀርጻ በማጥናት እ.ኤ.አ. በ1987 አንድ መጽሐፍ አሳትማለች። መጽሐፉ በሙሉ የሚመረምረው 11 ትንንሽ ቃላትንና አባባሎችን ነው። «ኦ»፣ «ዌል»፣ «ኤንድ»፣ «በት»፣ «ኦር»፣ «ሶ»፣ «ቢኮዝ»፣ «ናው»፣ «ዜን»፣ «አይ ሚን» እና «ዩ ኖው» ናቸው። እንደገናም ዳግላስ ባይበርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1999 ያወጡት ትልቁ የሎንግማን የንግግርና የጽሑፍ እንግሊዝኛ ሰዋስው አለ። ከ40 ሚሊዮን ቃላት በላይ በሆነ የእውነተኛ ንግግርና ጽሑፍ ክምችት ላይ የተመሠረተ ነው። እርሱም እንደሚያሳየው በጭውውት የሚበዙት «ሶ»፣ «ዜን»፣ «ዞው»፣ «ኤኒዌይ» ሲሆኑ፣ «ሀውኤቨር» እና «ዜርፎር» የመሳሰሉት የሚበረክቱት በምሁራን ጽሑፍ ነው። ስለዚህ እኛ በንግግር ክፍለ ጊዜ ስንጥርበት የቆየነው የምሁሩን ወረቀት በአፍ ማንበብ ነው ማለት ይቻላል።

ሌላም እንቅፋት አለ፤ እርሱ ደግሞ ከሁለቱ ቋንቋዎች አሠራር የሚመጣ ነው። አማርኛ ማሰሪያ አንቀጹን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። ምክንያቱን አስቀድሞ፣ መስተጻምሩንም ከግሡ ጋር አጣብቆ «ስለመሸ ተመለስን» ይላል። እንግሊዝኛ አብዛኛውን ጊዜ ዋናውን ነገር አስቀድሞ ምክንያቱን ያስከትላል፤ «ቢኮዝ»ም ራሱን ችሎ ይቆማል። ደግሞም አማርኛ ድርጊቶችን በቦዝ አንቀጽ ያለ አንድም መስተጻምር ይሰካካል፤ «ተነሥቶ፣ ታጥቦ፣ ቁርሱን በልቶ ሄደ» ማለት ለእኛ አንድ ትንፋሽ ነው። ይህን ተማሪው በእንግሊዝኛ ሊናገር ሲል ቦዝ አንቀጹ ይጠፋበትና «ሂ ጎት አፕ። ሂ ዎሽድ። ሂ ኤት። ሂ ዌንት።» ይላል። ያለ ጭቃ የተደረደረ ድንጋይ ነው። ጭቃው «ኤንድ» እና «ኤንድ ዜን» ነበሩ። በተቃራኒው ደግሞ አማርኛ «ምንም እንኳ ድኻ ቢሆንም ደስተኛ ነው ግን» ብሎ በሁለት ወገን ማሰር ስለማይከለክል፣ «ኦልዞው ሂ ኢዝ ፑር፣ በት ሂ ኢዝ ሃፒ» የሚል ይሰማል። እንግሊዝኛ አንዱ ይበቃኛል ባይ ነው።

«በሌላ በኩል» የምንለውም እንዲሁ ያሳስታል። በአማርኛ ዜና «በሌላ በኩል» ሲባል የግድ ተቃራኒ ነገር አይጠበቅም፤ ሌላ ወሬ ሊከተል ይችላል። «ኦን ዘ አዘር ሀንድ» ግን የሚመጣው ሚዛኑ ወዲያና ወዲህ ሲል ነው። «እህቴ አስተማሪ ናት፤ ኦን ዘ አዘር ሀንድ ወንድሜም አስተማሪ ነው» ብሎ ነገር የለም።

ስለዚህ ምን ይሻላል? እኔን የጠቀመኝ መንገድ ቃሉ «ምን ማለት ነው?» ብሎ መጠየቁን ትቶ «ምን ይሠራል? በአማርኛ ይህን ሥራ የሚሠራልን ማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ነው። ጥቂቶቹን ልዘርዝር።

«ሶ»። ውጤት ያሳያል ተብሎ ተምረናል፤ ልክ ነው። ነገር ግን ወሬም ይከፍታል። «ሶ፣ ሀው ዎዝ ዘ ኤግዛም?» የሚል ሰው ከምንም ውጤት አላወጣም። «ታዲያስ፣ ፈተናው እንዴት ነበር?» ማለቱ ነው። የእኛ «ታዲያ»ም ሁለቱን ሥራ ይሠራል።

«ዌል»። መዝገበ ቃላቱን ቢያዩ «ደኅና» እና «የውኃ ጉድጓድ» ይላል። በጨዋታ መካከል ግን ሥራው ሌላ ነው፤ የሚከተለው መልስ ጠያቂው የጠበቀው እንዳልሆነ በጨዋነት ያስጠነቅቃል። አንድ ሰው «ወጡ ጣፈጠህ?» ብሎን ካልጣፈጠን «አልጣፈጠኝም» ብለን አናፈርጥም። «እንግዲህ...» እንላለን። ጠያቂውም መልሱን ከ«እንግዲህ» ይረዳዋል። «ዌል» ይህችው ናት።

«ዞው»። ይህች በጣም የምወዳት ናት፤ ምክንያቱም ዐረፍተ ነገሩ ካለቀ በኋላ ትመጣለች። «ኢትስ ኮልድ ሂር። አይ ላይክ ኢት፣ ዞው።» ይህን ወደ አማርኛ ስንመልሰው ቃሉ ከቦታው ንቅንቅ አይልም። «እዚህ ይበርዳል። እወደዋለሁ ግን።» እነሆ፣ በዚህች አንዲት ነገር እንግሊዝኛውና የእናቴ አማርኛ ተገናኙ።

«አክቹዋሊ»። «በእርግጥ» ተብሎ ስለሚተረጐም ብዙ ሰው ነገሩን ለማጥበቅ ያስገባዋል። ዋና ሥራው ግን የሌላውን ሰው ግምት በቀስታ ማረም ነው። «ዩ አር ፍሮም ጎንደር፣ አሬንት ዩ?» ሲባል «አክቹዋሊ፣ አይ አም ፍሮም ደብረ ታቦር» ይላል። እኛ «ኧረ እኔስ የደብረ ታቦር ልጅ ነኝ» የምንለው ነው።

«ዩ ኖው»። ቃል በቃል «ታውቃለህ» ነው። ሥራው ግን ከ«እኮ» ጋር ይቀራረባል። «ቱሞሮው ኢዝ ማርኬት ዴይ፣ ዩ ኖው» ማለት «ነገ እኮ ገበያ ነው» ነው። ሁለታችንም የምናውቀውን ነገር ያስታውሳል።

«ኤኒዌይ»። ከመንገዱ የወጣውን ወሬ ይመልሳል፤ ወይም ለመሰናበት በር ይከፍታል። «ኤኒዌይ፣ አይ ማስት ጎው» ሲሉ «ለማንኛውም ልሂድ» ማለት ነው። እናቴ «ብቻ» የምትለውም አንዳንዴ እዚህ ላይ ይውላል።

«ቢሳይድስ»። «ደግሞስ» ናት። ክርክር ለመርታት የመጨረሻዋን ማስረጃ ስትጨምር እንጂ ዕቃ ስትቆጥር አትመጣም። «አይ ሚን» «ማለቴ» ናት፤ «ባይ ዘ ዌይ» ደግሞ «በነገራችን ላይ» ናት። እነዚህ ሁለቱ ምንም አያስቸግሩም።

ይህ መንገድ ለአማርኛ ተናጋሪ ብቻ የተሰጠ አይደለም። አብሮኝ የሚያድረው ባልንጀራዬ አፉን የፈታው በኦሮምኛ ነው። ይህን ስነግረው ጊዜ ሳይፈጅ «በት» ለእርሱ «ጋሩ»፣ «እንግዲህ» ደግሞ «ኤጋ» መሆናቸውን ነገረኝና የራሱን ዝርዝር መጻፍ ጀመረ። እያንዳንዳችን ከቤታችን ይዘን የመጣነው የመማሪያ መሣሪያ አለ ማለት ነው።

ይህን ሁሉ የምጽፈው የንግግር ክፍለ ጊዜ እንዲያምርልን ብቻ ብዬ አይደለም። ነገ የምንቆመው በልጆች ፊት ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት እንዲሰጥ አድርጓል። ሁለተኛ ደረጃ የገባ ልጅ ደግሞ ሒሳቡንም ሳይንሱንም በእንግሊዝኛ ይማራል። በገጠር ያለ ልጅ እስከዚያ ድረስ በሕይወቱ ሰው እንግሊዝኛ ሲናገር የሚሰማው ከአስተማሪው አፍ ብቻ ሊሆን ይችላል። እኛ የሪፖርት እንግሊዝኛ ከሰጠነው እርሱ መጠየቅና መመለስ ከየት ይማራል?

በማስተማር ልምምድ ጊዜ ያየሁትን ልንገራችሁ። በአንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት 6ኛ ክፍል ተመድቤ ነበር። ሌሊቱን የበልግ ዝናብ ሲጥል አድሮ፣ ጠዋት ትምህርት ከተጀመረ በኋላ አንድ ልጅ እስከ ጉልበቱ ረጥቦ በሩ ላይ ቆመ። በእንግሊዝኛ «ዋይ አር ዩ ሌት?» አልኩት። ልጁ ዝም አለ። ከንፈሩ ግን ይንቀሳቀሳል። ምን እየሠራ እንደሆነ ገባኝ፤ «አይ አም ሌት...» ብሎ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ሊገጣጥም ይታገላል። «ዐረፍተ ነገር በ‹ቢኮዝ› አይጀመርም» የሚለውን ሕግ ተምሯላ! ለደብተር የወጣው ሕግ አፉን ዘጋው። ክፍሉ ደግሞ ዝምታውን እንደ ጥፋተኛነት ቆጥሮ ቅጣቱን ይጠባበቃል።

እኔም ወደ ክፍሉ ዞሬ በአማርኛ «ለምን ዘገየህ ብትባሉ ምን ትላላችሁ? ‹የዘገየሁበት ምክንያት ወንዙ ስለሞላ ነው› ትላላችሁ?» አልኋቸው። ሳቁ። አንዷ «ወንዙ ሞልቶ! ነው የምንለው» አለች። «እንግዲያው በእንግሊዝኛም ሰው ‹ዋይ?› ካላችሁ ከ‹ቢኮዝ› ጀምሩ፤ በወሬ ላይ ነውር የለውም» አልኋቸው። ልጁ ቀና ብሎ «ቢኮዝ ሪቨር ፉል» አለ። እኔም «ሶ ዋት ዲድ ዩ ዱ?» ብዬ ጠየቅሁት። «ሶ... አይ ዌይት» አለ።

ሰዋስው አዋቂ «ዘ የት አለ? ዎዝ የት አለ?» ሊል ይችላል። አለበትም፤ እኔም ሙሉውን «ቢኮዝ ዘ ሪቨር ዎዝ ፉል» ብዬ በጥቁር ሰሌዳ ጽፌ ክፍሉን በሙሉ አስነበብኩ። ነገር ግን ያ ልጅ በሁለት ትንንሽ ቃላት ከጥፋተኛነት ወጥቶ ምክንያት ያለው ሰው ሆነ። ጥያቄና መልስ ሁለት ጊዜ ተመላለሰ፤ ይህም በዚያ ክፍል ውስጥ ጭውውት ነው። በሚቀጥለው ቀን ደብተር የረሳች ልጅ ሳልጠይቃት «ቢኮዝ...» ብላ ጀመረች። ሁሉም ሳቀ፤ እርሷም አልፈራችም።

ለአስተማሪ ደግሞ ሌላ ጥቅም አላቸው። ክፍለ ጊዜ ማለት ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው መሸጋገር ነው። ከንባብ ወደ መልመጃ ስናልፍ «ናው» ብንል፣ መልሱን ተቀብለን ስንቀጥል «ኦኬ፣ ሶ» ብንል፣ ልጆቹ ፍቺውን ባያውቁት እንኳ ሥራው እንደተለወጠ ከድምፁ ይለምዱታል። በየቀኑ ደጋግሞ የሚሰማ ቃል ሳይጠና ይያዛል።

የሚቃወሙኝ ጓደኞች እንዳሉ አውቃለሁ። አንደኛው «እነዚህ የመንተባተቢያ ቃላት ናቸው፤ ፈተና ላይ ነጥብ አያሰጡም» ይላል። እውነቱን ለመናገር ከመጠን ሲያልፉ መንተባተቢያ ይሆናሉ። በየዐረፍተ ነገሩ «አክቹዋሊ» እያለ፣ በየትንፋሹ «ዩ ኖው» እየጨመረ የሚያሰለች ሰው አለ፤ በአማርኛም «ማለት ነው» ካላለ ዐረፍተ ነገር የማይዘጋ ሰው እናውቃለን። ጨውም ሲበዛ ወጡን ያበላሻል፤ ይህ ግን አልጫውን ያለ ጨው ለመብላት ምክንያት አይሆንም። ሌላው ደግሞ «ይህ የፈረንጅ ቅላጼ መቅዳት ነው» ይላል። አይደለም። እኔ የምለው በራሳችን ድምፅ፣ በራሳችን ዝግታ፣ ነገር ግን ሰው ለሰው በሚያወራበት ቃል እናውራ ነው።

አሠራሩንም ልጠቁም። በመኝታ ቤታችን ሦስት ሆነን ከእራት በኋላ ለ10 ደቂቃ በእንግሊዝኛ እናወራለን። ሕጉ ቀላል ነው። በሳምንት ሁለት ቃል ብቻ እንመርጣለን፤ ለምሳሌ «ዌል» እና «ኤኒዌይ»። ርእሱ የዕለት ወሬ ነው፤ የምግብ ቤቱ ሽሮ፣ የቤት ደብዳቤ፣ የኳስ ግጥሚያ። ሦስተኛው ሰው አያወራም፤ ቃሉ በቦታው ሲውል ጭረት ያሰምራል፣ ያለ ቦታው ሲውል «በአማርኛ ቢሆን ምን ትል ነበር?» ብሎ ይጠይቃል። ከዚህ ሌላ በሬዲዮም ሆነ በስልክ የእንግሊዝኛ ቃለ ምልልስ ስንሰማ ትልልቁን ቃል ለጊዜው እንተወውና፣ ተናጋሪው ጥያቄ ከቀረበለት በኋላ በመጀመሪያ የሚያወጣትን ቃል ብቻ እንጻፍ። ብዙውን ጊዜ ከእነዚህ ትንንሾች አንዷ ሆና ትገኛለች።

ጓደኞቼ፣ የምረቃችን ቀን ሩቅ አይደለም። ከዚያ በኋላ የንግግር ክፍለ ጊዜ የሚሰጠን የለም፤ እኛው ራሳችን ለሌላው እንሰጣለን። ስለዚህ ረጅሙን ዝርዝር ለድርሰታችን እናቆየውና፣ ለአፋችን አምስት ስድስቷን ትንንሽ ቃል እናስለምድ። ከዚህ ጽሑፍ ግርጌ አንድ ባዶ ወረቀት ለጥፌያለሁ። በግራ በኩል የእንግሊዝኛዎቹ ቃላት ተጽፈዋል፤ የቀኙ ባዶ ነው። በአካባቢያችሁ አነጋገር፣ አፋችሁን በፈታችሁበት በማንኛውም ቋንቋ፣ ያንኑ ሥራ የሚሠራውን ቃል ጻፉበት። እርሳሱ በክር ታስሮ ተንጠልጥሏል፤ አደራ፣ ይዛችሁት እንዳትሄዱ።